የቋንቋ አገልግሎትን በደመና ላይ ማሰማራትና ማስተዳደር፦ የአንድ የትእዛዝ መስመር ተሰኪ አጠቃቀም ለቋንቋ ተመራማሪዎች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የአካባቢያችንን ቋንቋዎች የሚመለከቱ የቃል ተንታኞች፣ መዝገበ ቃላትና የጽሑፍ ክምችቶች በመረብ ለተጠቃሚ ከቀረቡ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ የሚጠፉበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱን ይመረምራል፤ ይኸውም አገልግሎቱ እንዴት እንደ ቆመ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። መፍትሔውን የሚያሳየው በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ፣ ማለትም በክላውድ ፋውንድሪ መድረክ ላይ በሚሠራው መልቲአፕስ በተባለ የትእዛዝ መስመር ተሰኪ ነው። ተሰኪው ምን እንደ ሆነ፣ የትእዛዞቹ አወቃቀር ምን እንደሚመስል፣ የአገልግሎት መግለጫ እንዴት እንደሚጻፍ፣ አገልግሎቱም እንዴት እንደሚሰማራ፣ እንደሚታደስና እንደሚነሣ በቅደም ተከተል ተብራርቷል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ የአገልግሎቱ መግለጫ እንደ መስክ ማስታወሻ ሁሉ የጥናቱ ሰነድ አካል ሆኖ መያዝ ይገባዋል የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የትእዛዝ መስመር፣ ተሰኪ፣ ደመና፣ ማሰማራት፣ የቃል ተንታኝ፣ የሰነድ አያያዝ

1. መግቢያ

የመስክ ጥናት የሚያካሂድ የቋንቋ ተመራማሪ ስለ ሰነድ አያያዝ ብዙ የተማረ ሰው ነው። ድምፅ ሲቀርጽ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ዕድሜና ያደገበትን አካባቢ ይመዘግባል፤ የቀዳውን ፋይል ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ያስቀምጣል፤ የተጠቀመባቸውን አኅጽሮቶች ዝርዝር ያዘጋጃል። ይሁን እንጂ ይኸው ተመራማሪ የሰበሰበውን ክምችት በመረብ ለማቅረብ ሲነሣ ጥንቃቄው ይላላል። ሥራውን ኮምፒዩተር ለሚያውቅ አንድ ተማሪ ይሰጣል። ተማሪው አገልግሎቱን ያቆማል፤ ተመርቆ ሲሄድ ግን የአሠራሩን ዕውቀት ይዞት ይሄዳል።

ይህ ጉዳይ ለእኔ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ቡድን የአንድን ቋንቋ የቃላት ዝርዝር በደመና ላይ አቁሞ፣ ተናጋሪዎች የእያንዳንዱን ቃል ጥብቀትና ላልነት እንዲያመለክቱበት አድርጎ ነበር። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያሳይ የተናጋሪዎቹ ምልክት የዝርዝሩ ዋና ሀብት ነበር። አንድ ቀን የገጹን ቀለም ብቻ ለማስተካከል ሲባል ፕሮግራሙ እንደገና ተጫነ፤ በዚያው ቅጽበት እስከዚያ ቀን የተሰበሰበው ምልክት ሁሉ ጠፋ። ምልክቶቹ ይጻፉ የነበሩት ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜያዊ ቦታ ባለ አንድ ፋይል ላይ እንደ ነበር ያወቅነው ከጠፋ በኋላ ነው። ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን ከእኛ ጋር ያሳለፉ አንድ አዛውንት፣ ሥራውን እንዲደግሙልን ልለምናቸው ስሄድ፣ «ልጄ፣ የነገርኩሽን የት አኑረሽው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፋይሉ የት እንደ ነበረ የሚናገር አንድም ሰነድ በእጃችን አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥያቄ ሲነሣ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ እንዲኖር የሚያደርገውን አሠራር ማስረዳት ነው። አንባቢው የፕሮግራም ሥራ ባለሙያ ነው ተብሎ አይገመትም፤ የሚጠበቅበት ትእዛዝ ጽፎ ለኮምፒዩተር ለመስጠት ፈቃደኛ መሆን ብቻ ነው።

2. ስለ መድረኩና ስለ ቃላቱ

«ደመና» የሚለው ቃል በሌላ ቦታ ተቀምጠው በመረብ የሚደረስባቸውን ኮምፒዩተሮች ያመለክታል። ክላውድ ፋውንድሪ እነዚህን ኮምፒዩተሮች ለፕሮግራም ማስኬጃ የሚያመቻች ክፍት ምንጭ መድረክ ነው። መድረኩ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከ2015 ጀምሮ በስሙ በተቋቋመ ፋውንዴሽን ሥር ይተዳደራል። የመድረኩ ባሕርይ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው የፕሮግራሙን ኮድ ይሰጣል፤ ኮዱ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ ለይቶ፣ የሚያስፈልገውን አሟልቶ የሚያስነሣው መድረኩ ነው።

«መተግበሪያ» ስንል አንዱን የሚሠራ ፕሮግራም ማለታችን ነው። «አገልግሎት» የሚለው ቃል ግን ሁለት ፍች አለው። በተራ አነጋገር ለተጠቃሚ የቀረበውን ጠቅላላ ነገር፣ ለምሳሌ መዝገበ ቃላቱን በሙሉ፣ ያመለክታል፤ በመድረኩ አነጋገር ደግሞ መተግበሪያው የሚጠቀምበትን የመረጃ ቋትና የመሳሰለውን ያመለክታል። እንዳይምታታ ሁለተኛውን «ደጋፊ አገልግሎት» እንለዋለን።

«ማሰማራት» የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከብት ይሰማራል፤ ሠራተኛም ይሰማራል። ያሰማራ እረኛ ሲመሽ ቆጥሮ መሰብሰብ እንዳለበት ሁሉ፣ መተግበሪያ ያሰማራም ሰው የት እንዳለ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝና መቼ እንደሚመለስ ማወቅ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ማሰማራትና ማስተዳደር አብረው የተነሡት ለዚህ ነው።

አንድ የአጻጻፍ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን እንደ ድምፃቸው በግዕዝ ፊደል ቀርበዋል፤ ፊደል በፊደል የሚነበቡት በሰረዝ ተለያይተዋል። ስለዚህ «ሲ-ኤፍ» ማለት ሁለቱን የላቲን ፊደላት በትንሹ አጻጻፍ መጻፍ ማለት ነው።

3. የትእዛዙ ሰዋስው

የመድረኩ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ስሙ «ሲ-ኤፍ» ነው። አንድ ትእዛዝ በተለምዶ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ስም ሲሆን እንደ መጥሪያ ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛው ግስ ነው፤ ሦስተኛው ተሳቢ ነው፤ አራተኛው በሰረዝ የሚጀምሩ አማራጮች ሲሆኑ የተውሳከ ግስ ሥራ ይሠራሉ። «ሲ-ኤፍ ፑሽ ተንታኝ» የሚለው ትእዛዝ «አንተ ሲ-ኤፍ፣ ተንታኝን ወደ ደመናው ግፋ» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ግሱ በመጨረሻ ይመጣ ነበር፤ እዚህ ግን ከተሳቢው ይቀድማል። ግሱ ለጾታም ሆነ ለቁጥር አይረባም። አማርኛ «ግፋ»፣ «ግፊ»፣ «ግፉ» ብሎ ይለያል፤ ትእዛዙ ግን ተቀባዩ ምንጊዜም ያው ፕሮግራም ስለሆነ መለየት አያስፈልገውም።

ከዚህ ተነሥተን ተሰኪን በቀላሉ መበየን እንችላለን። ተሰኪ ማለት ለዋናው ፕሮግራም አዳዲስ ግሶችን የሚጨምር ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። «ሲ-ኤፍ» ከመነሻው የሚያውቃቸው ግሶች አሉት፤ ተሰኪ ሲጫንለት ቀድሞ የማያውቃቸውን ግሶች ያውቃል። መልቲአፕስ የተባለው ተሰኪ በኤስ-ኤ-ፒ ኩባንያ ተጀምሮ ለክላውድ ፋውንድሪ ማኅበረሰብ የተሰጠ ክፍት ምንጭ ሥራ ሲሆን፣ ከሚጨምራቸው ግሶች ዋናው «ዲፕሎይ» ማለትም «አሰማራ» ነው።

4. ያለ ተሰኪው የሚሄደው መንገድ

የተሰኪውን ጥቅም ለመረዳት በመጀመሪያ ያለ እርሱ ያለውን መንገድ ማየት ይጠቅማል። እንደ ምሳሌ አንድ የቃል ተንታኝ እንውሰድ። የማይክል ጋሰር ሥራ የሆነው ሆርንሞርፎ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸውና ወደ ቅጥያቸው የሚተነትን፣ በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን ተንታኝ ለተማሪዎች በመረብ ማቅረብ ፈለግን እንበል። ሦስት ነገሮች ያስፈልጉናል፦ ተንታኙ ራሱ፣ ተማሪው ቃል የሚጽፍበት ገጽ፣ እንዲሁም ተጠቃሚዎች ትንተናው ስሕተት ሆኖ ሲያገኙት የሚያስገቡትን እርማት የሚይዝ የመረጃ ቋት።

ያለ ተሰኪው ሥራው የሚከናወነው ትእዛዝ በትእዛዝ ነው። በመጀመሪያ በይለፍ ቃል ወደ መድረኩ ይገባል። ቀጥሎ የሚሠራበት ድርጅትና በድርጅቱ ውስጥ ያለው ክፍል ይመረጣል። ከዚያ የመረጃ ቋቱ ይፈጠራል፤ ተንታኙ ይጫናል፤ ቋቱ ከተንታኙ ጋር ይታሰራል፤ ተንታኙ ማሰሪያውን እንዲያውቅ እንደገና ይሰናዳል፤ በመጨረሻም ገጹ ተጭኖ የተንታኙ አድራሻ ይነገረዋል። እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ቀላል ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ የሚኖረው በሠሪው ትውስታ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ቋቱ ሳይታሰር ተንታኙ ቢነሣ የሚጽፍበት አጥቶ ይወድቃል፤ ወይም ከዚህ በከፋ ሁኔታ ዝም ብሎ በራሱ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ይጽፋል።

ያ ጊዜያዊ ቦታ የሚያሳስብ ነው። በክላውድ ፋውንድሪ ላይ እያንዳንዱ መተግበሪያ የሚሠራው በተከለለ የራሱ ቦታ ውስጥ ነው። መተግበሪያው ሲቆም፣ ሲወድቅ ወይም በአዲስ ስሪት ሲተካ ቦታው ይወገዳል፤ በውስጡ የተጻፈ ፋይልም አብሮ ይወገዳል። አንድ መተግበሪያ በሁለት ቅጂ ቢሠራ ሁለቱ ቅጂዎች አንዱ የሌላውን ፋይል አያዩም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ አሠራር ነው፤ መድረኩ መተግበሪያን ካንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እንደ ልብ ማዛወር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መቆየት ያለበት ነገር ሁሉ በደጋፊ አገልግሎት ውስጥ መቀመጥ አለበት። የአዛውንቱ ምልክቶች የጠፉት ይህን ባለማወቃችን ነበር።

5. መግለጫው፦ «አድርግ» እና «ይኑር»

ተሰኪው የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት አነጋገር ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ትእዛዞች ሁሉ በሁለተኛ መደብ የሚነገሩ ናቸው፤ «ፍጠር»፣ «ጫን»፣ «እሰር» ይላሉ። መልቲአፕስ ግን የሚነሣው ከመግለጫ ነው። መግለጫው ያምል በተባለው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት የተጻፈ አንድ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፣ ምን መደረግ እንዳለበት ሳይሆን ምን መኖር እንዳለበት ይናገራል። በአማርኛ ስናስበው የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ ነው፤ «ተንታኝ ይኑር፤ ቋት ይኑር፤ ተንታኙ ቋቱን ይዞ ይነሣ» ይላል። ከ«ይኑር» ወደ «አድርግ» የሚያደርሰውን መንገድ የሚፈልገው ተሰኪው ከመድረኩ ጋር ሆኖ ነው።

የመግለጫው ቁልፍ ቃላት በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋሚ ቃላት ናቸው። ይዘቱ ወደ አማርኛ ቢመለስ የምሳሌያችን መግለጫ እንዲህ ይመስላል፦

መለያ፦ የቃል-ተንታኝ
ስሪት፦ 1.0.0
ክፍሎች፦
— ስም፦ ተንታኝ። ማህደረ ትውስታ፦ 512 ሜጋባይት። ይሻል፦ የእርማት-ቋት። ያቀርባል፦ የተንታኝ-አድራሻ።
— ስም፦ ገጽ። ማህደረ ትውስታ፦ 128 ሜጋባይት። ይሻል፦ የተንታኝ-አድራሻ።
ሀብቶች፦
— ስም፦ የእርማት-ቋት። ዓይነት፦ በመድረኩ የሚቀርብ ደጋፊ አገልግሎት። ዕቅድ፦ አነስተኛ።

እዚህ ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚሹት «ይሻል» እና «ያቀርባል» የሚሉት ሁለት ግንኙነቶች ናቸው። ለቋንቋ ሰው አዲስ አይደሉም፤ ግስ ተሳቢውን እንደሚሻ ሁሉ ተንታኙ ቋቱን ይሻል። ተሻጋሪ ግስ ያለ ተሳቢ ሲመጣ ዐረፍተ ነገሩ እንደሚጎድል፣ «ይሻል» የተባለው ሀብት በመግለጫው ውስጥ ካልተገኘ ተሰኪው ሥራውን አይቀጥልም። ስሕተቱ የሚገለጠው መረጃ ከጠፋ በኋላ ሳይሆን ምንም ነገር ከመነሣቱ በፊት ነው። በእኛ ቡድን እንዲህ ያለ መግለጫ ቢኖር ኖሮ «ሀብቶች» የሚለው ርእስ ባዶ መሆኑን ማንም ያነበበ ሰው ባስተዋለው ነበር።

ሁለት ተግባራዊ ምክሮች እንጨምር። የመጀመሪያው፣ ያምል ከመሰላል ምልክት በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ስለሚያልፈው፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ማብራሪያም ስለሚቀበል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዳስፈለገ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ይገባልም። ሁለተኛው፣ የይለፍ ቃል በመግለጫው ውስጥ ፈጽሞ መጻፍ የለበትም። መድረኩ መተግበሪያውን ከቋቱ ጋር ሲያስር የመግቢያውን መረጃ ራሱ ለመተግበሪያው ያቀብላል። ለሙከራ ክፍልና ለዋናው ክፍል የሚለያዩ ዋጋዎች ካሉ ደግሞ «የማስፋፊያ መግለጫ» በተባለ ሌላ ፋይል ይጻፋሉ፤ በማሰማራት ጊዜም በአማራጭ ይጠቀሳሉ። በዚህ መንገድ ዋናው መግለጫ አንድ ሆኖ ይቀራል።

6. ማሰማራት

ተሰኪውን ለመጫን «ሲ-ኤፍ ኢንስቶል-ፕለጊን መልቲአፕስ» የሚለው ትእዛዝ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ተሰኪውን ከማኅበረሰቡ የተሰኪዎች ማከማቻ አውርዶ ይጭናል። ከመጫኑ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ተሰኪ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ በተጠቃሚው ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ ምንጩን ማወቅ የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። «ሲ-ኤፍ ፕለጊንስ» የሚለው ትእዛዝ የተጫኑትን ተሰኪዎችና የጨመሯቸውን ግሶች ይዘረዝራል። ተሰኪው የሚሠራው ተጓዳኙ የአሰማሪ ፕሮግራም በመድረኩ በኩል ካለ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ መድረክ ሲመረጥ ይህ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ መግለጫውና የክፍሎቹ ኮድ በአንድ ጥቅል ይታሰራሉ። ጥቅሉ የራሱ ቅጥያ ስም ቢኖረውም በውስጡ የተለመደ የታመቀ ፋይል ነው፤ ከዓመታት በኋላም በማንኛውም ኮምፒዩተር ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። ከዚያ «ሲ-ኤፍ ዲፕሎይ» ተብሎ የጥቅሉ ስም ይጻፋል። ተሰኪው ጥቅሉን ወደ መድረኩ ይልካል። አሰማሪው መግለጫውን አንብቦ አሁን ካለው ሁኔታ ጋር ያነጻጽራል፤ የጎደለውን ደጋፊ አገልግሎት ይፈጥራል፤ ከዚያም መተግበሪያዎቹን ጭኖ ከሚሹት ጋር ያስራቸዋል፤ በመጨረሻም ያስነሣቸዋል። እያንዳንዱ እርምጃ በተጠቃሚው ማያ ገጽ ላይ መስመር በመስመር ይታያል።

መብራትና መረብ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ጥቅሉ ተልኮ ካለቀ በኋላ ሥራው የሚካሄደው በመድረኩ ላይ እንጂ በእኛ ኮምፒዩተር ላይ አይደለም። ስለዚህ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቋረጥም። እያንዳንዱ ክንውን የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መብራት ሲመለስ በዚያ ቁጥር አማካይነት ወደ ክንውኑ ተመልሶ መከታተል ይቻላል። ያለ ተሰኪው፣ በተከታታይ ትእዛዞች ሲሠራ ግን፣ ተጠቃሚው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደ ተቋረጠ ራሱ መርምሮ ማወቅ አለበት።

ለቃል ተንታኞች የተለየ ማሳሰቢያ አለ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ሲነሡ የቃላት ዝርዝራቸውንና ደንቦቻቸውን ወደ ማህደረ ትውስታ ስለሚጭኑ ለመነሣት ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ። መድረኩ አንድ መተግበሪያ ጤነኛ ሆኖ እስኪነሣ በነባሪነት የሚጠብቀው 60 ሴኮንድ ነው። ከዚህ የሚዘገይ ተንታኝ በደንብ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጠበቂያውን ጊዜ በመግለጫው ውስጥ ማራዘም፣ ማህደረ ትውስታውንም እንደ ዝርዝሩ ስፋት መጨመር ያስፈልጋል።

7. ማስተዳደር

ከተሰማራ በኋላ ለአስተዳደር የሚያገለግሉ ጥቂት ግሶች አሉ። «ሲ-ኤፍ ኤም-ቲ-ኤ-ኤስ» በክፍሉ ውስጥ የተሰማሩትን ሁሉ ከነስሪታቸው ይዘረዝራል። «ሲ-ኤፍ ኤም-ቲ-ኤ» ከመለያ ስም ጋር ሲሰጥ የዚያን አንዱን መተግበሪያዎችና ደጋፊ አገልግሎቶች ያሳያል። ቡድኑን አዲስ የተቀላቀለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዎቹን የሚመልስለት ይህ ትእዛዝ ነው። «ሲ-ኤፍ ኤም-ቲ-ኤ ኦፕስ»፣ ሁለቱ ቃላት በሰረዝ ተያይዘው ሲጻፉ፣ በመካሄድ ላይ ያሉትን ክንውኖች ይዘረዝራል።

አንድ ክንውን ሲከሽፍ በዝምታ አይጠፋም፤ በከሸፈበት ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ተጠቃሚው ሁለት ምርጫ አለው። የክንውኑን መዝገብ አውርዶ ምክንያቱን ካወቀና ካስተካከለ በኋላ «ሪትራይ» ብሎ ካቆመበት ማስቀጠል ይችላል፤ ወይም «አቦርት» ብሎ ይሰርዘዋል። የወረደው መዝገብ ከጥናቱ ሰነዶች ጋር ቢቀመጥ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል።

ስሪትን በተመለከተ ተሰኪው ጠቃሚ ጥንቃቄ ያደርጋል። በመግለጫው የተጻፈው የስሪት ቁጥር አሁን ከተሰማራው የሚያንስ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ሆን ብሎ ካልፈቀደ በቀር ለማሰማራት እንቢ ይላል። አንድ ተማሪ በኮምፒዩተሩ የቀረውን ያለፈ ዓመት ኮድ በስሕተት ቢልክ፣ ቁጥሩ በየጊዜው የተጨመረ እስከሆነ ድረስ፣ አሮጌው አዲሱን አይተካም። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ቁጥሩን የመጨመር ልማድ ካለ ብቻ ነው።

እድሳትን ያለ መቋረጥ ለማካሄድ «ሰማያዊና አረንጓዴ» የተባለ ስልት አለ። አዲሱ ስሪት ከአሮጌው ጎን በጊዜያዊ አድራሻ ይነሣል። ተመራማሪው የሚያውቃቸውን አስቸጋሪ ቃላት፣ ለምሳሌ ደጊመ ቃል ያለባቸውን ግሶችና ብዙ ቅጥያ የተደራረበባቸውን ቃላት፣ በአዲሱ ላይ ይሞክራል። ውጤቱ ካረካው ክንውኑ እንዲቀጥል ያዛል፤ የተለመደው አድራሻ ወደ አዲሱ ይዞርና አሮጌው ይነሣል። ካላረካው ይሰርዛል፤ ተጠቃሚዎች መለወጥ መሞከሩን እንኳ አያውቁም።

በመጨረሻ ማንሣት አለ። «ሲ-ኤፍ አንዲፕሎይ» መተግበሪያዎቹን ያነሣል፤ ደጋፊ አገልግሎቶቹን ግን በነባሪነት አይነካም። ቋቱን አብሮ ለማጥፋት «ዲሊት-ሰርቪስስ» የሚል አማራጭ ሆን ተብሎ መጨመር አለበት። አንድ ሀብት ከአዲስ መግለጫ ውስጥ ቢወጣም እንዲሁ ነው፤ አማራጩ ካልተጻፈ ቋቱ ይቀራል። ይህን አማራጭ በልማድ መጻፍ አደገኛ ነው። በቡድናችን አሁን ያለው ደንብ አማራጩን ሁለት ሰዎች አብረው ተቀምጠው ካልሆነ በቀር ማንም አይጽፈውም የሚል ነው።

8. የግዕዝ ፊደልን በሚመለከት

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አመሰጣጠር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ተራ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ። በቋቱ ውስጥ የአንድ መስክ ርዝመት በባይት የተወሰነ ከሆነ፣ 30 ባይት የተፈቀደለት መስክ 10 የግዕዝ ፊደላትን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የመስኩ ርዝመት የሚቆጠረው በፊደል ይሁን በባይት ቋቱ ሲፈጠር መታየት አለበት።

ሌላው ጉዳይ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ነው። ለአማርኛ ፍለጋ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን፣ እንዲሁም «ሰ» እና «ሠ»ን አንድ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ ማስማማት መደረግ ያለበት በፍለጋ ጊዜ ነው እንጂ በማስቀመጥ ጊዜ አይደለም። በትግርኛ «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ በግዕዝም የፊደሉ ልዩነት የቃሉን ፍች ሊለይ ይችላል። ተናጋሪው የጻፈው እንደ ጻፈው ይቀመጥ፤ የተስማማው ቅርጽ በሌላ መስክ ይጻፍ። አንድ ጊዜ የተዋሐደ ፊደል ተመልሶ አይለይምና።

9. ገደቦች

ተሰኪው የማይሠራቸውን ሥራዎች መጥቀስ ተገቢ ነው። የቋቱን ይዘት ቅጂ አያስቀምጥም፤ ቋቱን ይፈጥራል፣ ያስራል እንጂ በየጊዜው ቀድቶ ማስቀመጥ የተመራማሪው ወይም የቋቱ አቅራቢ ሥራ ነው። ክፍያም አይከፍልም፤ የጥናት ገንዘቡ ሲያልቅ መድረኩም ያልቃል። ሆኖም መግለጫው፣ ኮዱና የቋቱ ቅጂ ሦስቱ በእጅ ካሉ አገልግሎቱን በሌላ ተመሳሳይ መድረክ ላይ እንደገና ማቆም ይቻላል። ከሁሉም በላይ ተሰኪው ስለ ፈቃድ አይጠይቅም። ተናጋሪዎች የሰጡት ቃል በየትኛው አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ተነግሯቸው መስማማታቸውን ማረጋገጥ ለትእዛዝ መስመር የሚተው ሥራ አይደለም።

10. ማጠቃለያ

የትእዛዝ መስመር ተሰኪ ለቋንቋ ተመራማሪ የሚጠቅመው ሥራን ስለሚያፈጥን ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ፣ አገልግሎቱ ከምን ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን ምንን እንደሚሻና መረጃው የት እንደሚቀመጥ አንድ ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ እንዲሰፍር ማስገደዱ ነው። ይህ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከድምፅ ቅጂዎቹ፣ ከተናጋሪዎቹ መረጃና ከአኅጽሮት ዝርዝሩ ጋር በአንድ ማህደር መቀመጥ አለበት። የምረቃ ጽሑፍ አማካሪዎችም ተማሪው በመረብ ያቀረበው ሥራ ካለ መግለጫውን ከአባሪዎቹ እንደ አንዱ ሊጠይቁት ይገባል።

ከላይ የተጠቀሱት አዛውንት ሥራውን ደግመውልናል፤ እንደ መጀመሪያው ብዙ ቃላት ግን አልሸፈንም። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመራችን በፊት መግለጫውን አትሜ ይዤላቸው ሄድኩ፤ «ሀብቶች» በሚለው ርእስ ሥር ያለውን መስመር በጣቴ እያሳየሁ፣ የሚነግሩን ቃል የሚኖረው እዚህ በተጠቀሰው ቋት ውስጥ እንደሆነ፣ ቅጂውም በየሳምንቱ ዓርብ እንደሚወሰድ አስረዳኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።